ጨዋታ መጫወትና ጨዋታ መሥራት

ተማሪ ስልኩን ይዞ ሲቀመጥ ወላጆች «ይኸ ልጅ በጨዋታ ጠፋ» ማለታቸው የተለመደ ነው። እኔም እውነት የላቸውም አልልም። ሌሊቱን በስልክ ጨዋታ አንግቶ ጧት በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ የደብተር መግዣውን ለውጭ አገር ኳስ ውርርድ የሚያስይዝ ጓደኛ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ሌላው የሠራውን ጨዋታ መጫወትና ጨዋታውን ራስ መሥራት እጅግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በመንዝ ሜዳ ከብት ስንጠብቅ መሬት ምሰን በጠጠር ገበጣ እንጫወት ነበር። ባለፈው ክረምት እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህንኑ ገበጣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በስልክ ለመጻፍ ተነሣን። መብራት ሲጠፋ በወረቀት እንጽፋለን፤ ሲመጣ ስልኩን ሞልተን እንገለብጠዋለን። ለአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ከ0 እስከ 11 ቁጥር ሰጠናቸው። ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን አንሥቶ በተከታዮቹ አንዳንድ መጣሉ ቀላል ነበር፤ ዳሩ ግን 11ን ስናልፍ ፕሮግራሙ ቁጥሩ 12 የሆነ ጉድጓድ ፈልጎ ስላጣ ቆመ። መፍትሔው ቁጥሩን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ሆነ፤ 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0 ነውና እጃችን ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ይመለሳል። ቀሪ የሚባለውን ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ በደብተሬ ስጽፈው ብኖርም፣ ለምን እንደሚያገለግል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያም የባሰ ነገር ገጠመን። የመጨረሻው ጠጠር በባዶ ጉድጓድ ሲወድቅ ምን ይሆናል? አንዱ ጓደኛዬ «ተራው ያልፋል» አለ፤ ሌላው «ፊት ለፊት ያለውን ይበላል» አለ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንጫወት በሕጉ ሳንስማማ መኖራችን ገረመን። አያቴን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በእኛ መንደር ይበላል፤ ከወንዙ ማዶ ግን ያልፋል» አሉኝ። ሰውን «እንደ ልማዱ» ቢሉት ይገባዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ልማድ ስለሌለው ሁሉን ነገር ለይተው ካልነገሩት አንድ እርምጃ አይሄድም። አጥርቶ ማሰብ ምን እንደሆነ በዚህ ተማርሁ።

ይህም የእኛ ብቻ ሐሳብ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዊልያም ሂጊንቦተም የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ የብሩክሄቨንን ቤተ ሙከራ ለሚጎበኙ ሰዎች በትንሽ መስኮት ላይ ቴኒስ የሚያጫውት መሣሪያ አዘጋጀ። በ2002 ደግሞ በአምስተርዳም ሁለት ተመራማሪዎች የገበጣ ዘመድ የሆነውን አዋሪ የተባለ የምዕራብ አፍሪካ ጨዋታ ከ889 ቢሊዮን የሚበልጡ አቀማመጦቹን በኮምፒዩተር አስልተው፣ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ቢጫወት እኩል እንደሚወጡ አረጋገጡ። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉ የተባለችውን ሯጭ ዶሮና ገበጣን ለስልክ አዘጋጅቷል። ታዲያ የአፍሪካ ጠጠር በአምስተርዳም ሲቆጠር፣ የየመንደራችንን ገበጣ ማን እስኪጽፍልን እንጠብቃለን?

በስፖርትም እንዲሁ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ በጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲፈጽም ሁለተኛውን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞታል። እንዲህ ባለው ረጅም ሩጫ የሰዓት ያዡ ጣት ከዓይኑ በ2 አሥረኛ ሰከንድ ቢዘገይ ምንም አይደለም፤ በ100 ሜትር ግን ይህ መዘግየት ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚሆን አንደኛውን ሁለተኛ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ አሁን የጀመርነው ሥራ በመድረሻው መስመር የባትሪ መብራት በአንድ ብርሃን ለይቶ በሚያውቅ ትንሽ ዕቃ ላይ አብርቶ፣ ሯጩ ብርሃኑን ሲጋርድ ሰዓቱን የሚያቆም መሣሪያ ነው። ገና አልተሳካልንም፤ የፀሐዩ ብርሃን ከባትሪው እየበለጠ ያስቸግረናል።

አባቴ ግን፣ «ፈተናውን ማን ይፈተንልህ?» ይሉኛል። ስጋታቸው ተገቢ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር እኔን የሚያስረዳኝ በቃል መያዝ ብቻውን የማያዋጣ መሆኑን ነው። እጅ የሠራውን ነገር ልብ በቀላሉ አይረሳውም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን በትሕትና የምለምነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ የኮምፒዩተሩ ክፍል ለዚህ ሥራ እንዲከፈትልን ነው። የግሼው ልጅ የግሼን፣ የመርሐቤቴው የመርሐቤቴን፣ የመንዙም የመንዝን ጨዋታ ከነሕጉ ከሽማግሌ ጠይቆ ይምጣ፤ ጽፎም ለኮምፒዩተር ያስተምረው። እናንተም ጓደኞቼ፣ ስልካችሁን ዛሬ ማታ ስትከፍቱ፣ የሌላውን ሥራ ከመጫወት አልፋችሁ አንዲት የራሳችሁን ሥራ እንድትጀምሩ አደራ እላለሁ።