ሕንጻው የትም አይሄድም

አባቴ ያረፈ ሰሞን ከአዲስ አበባ ተደውሎ፣ በትልቁ አሳጥበን ድንኳኑ ውስጥ የምናስቀምጠው ፎቶ ላክ ተባልኩ። ከሁለት ዓመት በፊት ዋሽንግተን ሊጠይቀን ሲመጣ ያላነሳሁት ቦታ ስላልነበር፣ የሚቸግረኝ መምረጡ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስልኬን ከፍቼ ሳይ ግን አባቴ በየፎቶው ላይ ጥፍር አያክልም።

በሊንከን መታሰቢያ ፊት የተነሳውን ቆርጬ ላሳድገው ሞከርኩ። ፎቶው በረጅሙ ጎኑ 4032 ፒክስል አለው። የአባቴ ፊት ስፋት ግን 150 ፒክስል ብቻ ነው። ለጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጥራቱን ጠብቆ የሚታጠበው የአባቴ ፊት ግማሽ ኢንች ነው ማለት ነው። እንጀራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የጎደለውን ፈጥሮ የሚሞላ ፕሮግራም እንዳለ አውቃለሁ። ፈጥሮ የሚሞላው ግን የአባቴን ፊት አይደለም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሕንጻው ሙሉ እንዲገባ፣ ጫማውም እንዲታይ፣ «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» እያልኩ ደረጃው ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። (የጫማው ነገር ከፎቶ ቤት የወረስነው ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ጫማ ያልታየበት ፎቶ ጎደሎ ነው።)

መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። ሕንጻው ሙሉ እስኪታያችሁ ድረስ እናንተ ራቁ፤ የምታነሱትን ሰው ግን ወደ ራሳችሁ ጥሩት። ከካሜራው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቁም። ከወገቡ በላይ እሱ ይታያል፤ 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንጻም ከትከሻው ጎን ሙሉውን ይገባል።

በመጨረሻ የላክሁት ልጄ በስድስት ዓመቷ ያነሳችውን ነው። ምሳ ላይ ስልኬን ነጥቃኝ ከጠረጴዛው ማዶ አያቷን አነሳችው። የእንጀራው ትሪ ጠርዝ ገብቶበታል፤ እሱ እየሳቀ ነው። ለምን እንዳማረ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቅርብ ነበረች። እሷ ቆማ እሱ ስለተቀመጠ ካሜራው ከዓይኑ ትክክል ነበር (ልጆችን ስታነሱ እንግዲህ መንበርከክ የእናንተ ተራ ነው)። ብርሃኑ የመጣው በጎኑ ካለው መስኮት ነው። «ቀጥ በል» ብላም አላደረቀችውም።

ሌላው ሌላው ቀላል ነው። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ በተለይ ዓረብ አገር ያላችሁ ሰውየውን ወደ ጥላ አስገቡት። ከራሱ ላይ የመብራት እንጨት የበቀለ ከመሰለ አንድ እርምጃ ወደ ጎን በሉ። ብዙ ሰው ስታነሱ 0.5 የሚለውን አትንኩ። ሰፊው ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ይለጥጠዋል፤ አክስቶቻችን «አወፈርከኝ» ብለው የሚቆጡት እውነታቸውን ነው። 1 ላይ አድርጋችሁ በእግራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ዳርና ዳርም ክፍት ቦታ ተዉ። በአይፎን ሴቲንግስ ውስጥ ካሜራ የሚለውን ከፍታችሁ ግሪድን ብታበሩ ስክሪኑ ላይ መስመሮች ይመጣሉ። ዓይኖቹን ከላይኛው አግድም መስመር አጠገብ አድርጓቸው። ብዙ ጀማሪ ፊትን መሐል ላይ አድርጎ ግማሹን ፎቶ ለሰማይ ይሰጣል።

እናቴ ለገና ትመጣለች። ሊንከን ጋ እወስዳታለሁ። ጫማዬ ይታይ ማለቷ አይቀርም፤ እሱን ለብቻው አነሳላታለሁ።