ለእንጅባራና ለዳንግላ ፎቶ ቤቶች ትልቁ ካሜራ ያዋጣል?

በአዊ ዞን የፎቶና የቪዲዮ ሥራ የሚደራው በጥር ነው። ከጥምቀት ማግስት ሰርጉ ይከታተላል፤ ጥር 23 ቀን ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል እንጅባራን በፈረሰኛና በእንግዳ ያጥለቀልቃታል። ለዚህ ገበያ የሚዘጋጅ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ ከሻጭም ከደላላም የሚሰማው ምክር «ፉል ፍሬም ግዛ» የሚል ነው።

ምክሩ መሠረተ ቢስ አይደለም። ሴንሰር በዲጂታል ካሜራ ውስጥ የፊልሙን ቦታ የተካ ብርሃን ተቀባይ ነው። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ካኖን የሚሠራው ኤፒኤስ ሲ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ 2.6 እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የማታ ፎቶ አሸዋ የተነሰነሰበት እንዳይመስል ይረዳል።

ጥያቄው ይህ ብልጫ በስንት ይገዛል የሚለው ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣቸው አር 50 እና አር 8 ሁለቱም 24.2 ሜጋ ፒክስል ናቸው። ያለ ሌንስ ኤፒኤስ ሲው አር 50 በአሜሪካ ገበያ በ680 ዶላር ገደማ፣ ፉል ፍሬሙ አር 8 በ1,500 ዶላር ገደማ ነበር የወጡት። ልዩነቱ 820 ዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ልዩነቱ 47,000 ብር አይሞላም ነበር። ዶላሩ 100 ብር ሲገባ 82,000 ብር ሆነ፤ ያውም ቀረጥና የአስመጪው ትርፍ ሳይታከል።

በአንጻሩ 200 ዶላር ገደማ የወጣበት ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ 1.8 ሌንስ አለ። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ሌንስ እስከ ጫፉ ሲሳብ የብርሃን ቀዳዳው 6.3 ስለሆነ፣ ይህኛው 12 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። 820 ዶላር ከሚያስገኘው 2.6 እጥፍ ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡ ግልጽ ነው። ለፈረስ ግልቢያም ቢሆን ትንሹ ሴንሰር አይጎዳም፤ ባለ 200 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በፉል ፍሬም የ320 ያህል ያቀርብለታል። በ300 ነጥብ ጥራት የሚታተም 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አልበም ደግሞ 17 ሜጋ ፒክስል ያህል ቢበቃው ነው።

እርግጥ ነው፣ 50 ሚሊ ሜትሩ በኤፒኤስ ሲ ላይ ጠበብ ባለ ቤት ውስጥ ዘመድ አዝማዱን አሰባስቦ አይዝም፤ ቀዳዳው ሙሉ ሲከፈትም የኋላው ረድፍ ይደበዝዛል። የማታ ድግስ ዋና ሥራው የሆነና ደንበኛው ለዚያ ጨምሮ የሚከፍለው ድርጅት ፉል ፍሬም ቢገዛ አያስወቅሰውም። ለሌላው ግን «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ማለቱ ይበጃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲቀሰቀስ እንደታየው መንገድ ሲዘጋ ድግሱም ይቀራል፤ በብድር የተገዛ ካሜራ ወለድ ግን አይቆምም።

በወጡበት ዋጋ ቢታሰብ፣ በ820 ዶላሩ ልዩነት ሁለተኛ አር 50 ተገዝቶ 140 ዶላር ይተርፋል። በሰርግ ቀን አንዱ ካሜራ ቢበላሽ የፎቶ ቤቱን ስም የሚያድነው የሴንሰሩ ስፋት ሳይሆን በቦርሳ ያለው ሁለተኛው ካሜራ ነው።