ደኅና ፍራሽ ለምን ጠፋ?

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ሻኛውን ይዳብሳል፤ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ እርምጃውን ይመረምራል። ፍራሽ የሚገዛ ሰው ግን የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው፤ ሆዱ የተሰፋ ነው። ታላላቅ ፋብሪካዎች ሞልተው ሳሉ ደኅና ፍራሽ የጠፋበት ዋናው ምክንያት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይኸው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ይህ ኢንዱስትሪ ከገነነበት ከአሜሪካ እንጀምር። ሲመንስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. በኬኖሻ ከተማ ተቋቋመ፤ በ1925 ዓ.ም. እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ ከረጢት የተሰፋበትን ፍራሽ አውጥቶ ስሙን አስጠራ። በኋላ ግን ኩባንያው ራሱ የገበያ ዕቃ ሆነና ከአንዱ ባለገንዘብ ወደ ሌላው ይሸጥ ጀመር። ገዢዎቹ በብድር እየገዙ ዕዳውን በፋብሪካው ትከሻ ላይ ጫኑት። በ1991 ዓ.ም. 164 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ዕዳ በ2009 ዓ.ም. 1.3 ቢሊዮን ደረሰ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት ከሰረ። ከሰርታ ጋር የተጣመረው ኩባንያም በ2023 ዓ.ም. እንደገና ከኪሣራ ፍርድ ቤት ደጅ ቆመ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ፋብሪካ ወለዱን ከየት ያመጣል? ዋጋ ቢጨምር ገዢ ይሸሻል፤ ከማይታየው ሆድ ቢቀንስ ግን ማን ያውቅበታል? ይኸው ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. የማይገለበጥ ፍራሽ ሲያወጣ ሌሎችም ተከተሉት። ለገዢው የተነገረው ከመገልበጥ ድካም መዳኑ ነው፤ ሁለት ፊት የነበረው ዕቃ ግን አንድ ፊት ብቻ ቀረው። አንዱ ፍራሽ በየሱቁ ልዩ ልዩ ስም እየተሰጠው ስለሚሸጥም ዋጋ ማወዳደር አስቸጋሪ ነው።

«ውድድር ያስተካክለዋል» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የኢኮኖሚው ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ዓ.ም. ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ስለዚህ ጥሩው ከገበያ ይወጣል።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። የጥጥ ፍራሽ ስፌቱ ተተርትሮ ጥጡ ይታያል፤ ፀሐይ ላይም ይናፈሳል። የዛሬው ስፖንጅ ግን አብዛኛው አየር ነው፤ ጥንካሬውን ለመገመት በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ማወቅ ያስፈልጋል። ወርዱ 90፣ ቁመቱ 190፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ፣ ስፖንጁ በሜትር ኩብ 15 ኪሎ ከሆነ 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ 30 ኪሎ ከሆነ ግን ወደ 8 ይጠጋል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱም እኩል ያበጡ ናቸው፤ ቀድሞ ወገቡ ላይ የሚጎደጉደው ግን ቀላሉ ነው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት እየቀላቀለ ክብደቱን የሚያሳድግ አምራችም ስለማይጠፋ ሚዛን ብቻውን አይበቃም።

ስንት ታላላቅ ጥያቄ እያለ ስለ ፍራሽ መጻፍ ምንድን ነው የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች ትኖሩ ይሆናል። ሌሊቱን ወገቡን ሲያመው ያደረ ተማሪ ግን ጧት በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ወድዶ አይደለም። ስለዚህ ኅብረታችን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ለመኝታ ቤቶቻችን ፍራሽ በጨረታ ሲገዛ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የስፖንጁ ክብደትና ቅልቅሉ በውሉ ይጻፍ፤ ርክክብ በሚደረግበትም ቀን ከመቶው አንዱ ተማሪዎች ባሉበት ተቀድዶ ይታይ። አንድ ፍራሽ ቢጠፋ ዘጠና ዘጠኙ ይድናሉና።