በውሃ ሥር ያለው ታሪክ የእኛም ነው

በክረምት የብር ወንዝ ሲሞላ የወሰደውን ነገር፥ በሬም ይሁን ግንድ፥ ባለቤቱ «ውሃ በላው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ውሃ የዋጠው ሁሉ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን አሳቤን ለውጫለሁ፤ የለወጥሁበትንም ምክንያት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለመግለጽ እወዳለሁ።

በኢጣሊያ አገር በቬኒስ ከተማ ዙሪያ፥ ከባሕሩ በቀጭን የአሸዋ መሬት የተለየ፥ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሰፊ ውሃ አለ። ሊቃውንት በጀልባ ሆነው የድምፅ ሞገድ ወደ ታች እየላኩ፥ ተመልሶ የሚመጣውንም እየለኩ የወለሉን ካርታ አነሡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ ትሬፖርቲ በሚባለው መተላለፊያ ሥር 12 የግንባታ ቅሪቶች 1,140 ሜትር በሚያህል ርቀት ተሰልፈው ተገኝተዋል። ሊቃውንቱም ነገሩ በሮማውያን ዘመን፥ ቦታው ደረቅ መሬት ሳለ፥ የተሠራ መንገድ ነው ብለዋል። ውሃው ከፍ ብሎ ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም።

«ይህ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ልጅ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ከቀይ ባሕር ይገኛል። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ባለው ባሕር፥ ብላክ አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ፥ በአክሱም መንግሥት ዘመን የሰጠመ የንግድ መርከብ ጭነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ጠላቂ ተመራማሪዎች ቈፍረው መረመሩት። ያገኙትም በአብዛኛው የሸክላ ማሰሮ ነው። እንዲህ ያለው ማሰሮ በአክሱምም በአዱሊስም ተገኝቷል፤ የተተኰሰበትም ምድጃ በአቃባ ወደብ ታውቋል። አቃባም አስቀድሞ በሮማውያን፥ ኋላም በቢዛንታይን ግዛት የነበረች ናት። እንግዲህ የአክሱምን ንግድ ከሩቅ አገር ጋራ ያገናኘልን ወርቅ ሳይሆን ገል ነው፤ ያውም እያንዳንዱ የተገኘበት ቦታ በጥንቃቄ ስለ ተጻፈ ነው።

ስለ ገል ካነሣሁ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት አባቴ ሲያርስ ማረሻው የአንድ ትልቅ ጋን ስባሪ አወጣ። አፉ ላይ መስመር የተቀረጸበት፥ አያቴም «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ያሉት ነበር። እኔና ወንድሜ ወፍ ስንጠብቅ እየሰባበርን ወርውረን ጨረስነው። ምናልባት ተራ ነገር ይሆናል፤ ነገር ግን ተራ መሆኑን እንኳ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ በገዛ እጄ ዘጋሁት።

አሁን ወደ ጣና እንመልከት። ከእኛ አገር ማልዶ መኪና የተሳፈረ ሰው በዚያው ቀን ይደርስበታል። ሐይቁ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ከሥሩ የወጣ ጭቃ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፥ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት በነበረ ዘመን ደርቆ እንደ ነበር ታውቋል። ከሞላም ወዲህ ለደሴቶቹ ገዳማት እህልና ዕቃ ሲያደርስ በማዕበል የተገለበጠ ታንኳ የለም ማለት ያስቸግራል። ደንገሉ ቢበሰብስ ሸክላው አይበሰብስም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የጣና ወለል እንደ ቬኒሱ ተለክቶ ካርታው ሊነሣ ይገባል። የባሕር በር የለንምና አይሆንልንም አይባልም፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመርከብ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን አይተናል። ታሪክ የተማሩ ጥቂት ወጣቶችም ዋናና መጥለቅ ቢማሩ የሚከለክላቸው ምንድን ነው?

«ገንዘቡ አስቀድሞ ለሐኪም ቤትና ለመጻሕፍት ይዋል» የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው፤ አልከራከራቸውም። ግን የሥራው መጀመሪያ ገንዘብ አይጠይቅም። ወላጆቻችን ማረሻ ያወጣውን፥ ዓሣ አጥማጆችም መረብ የሳበውን ነገር ሳይጥሉና ሳይሸጡ ቢያሳዩን፥ እኛ ተማሪዎች የተገኘበትን ቦታና ቀን በደብተር ጽፈን ለታሪክ መምህራችን ማቅረብ እንችላለን።

ጓደኞቼ ሆይ! እኔ የመጀመሪያውን ገል በወፍ ላይ ወርውሬዋለሁ። ሁለተኛውን ያገኘ ግን እባካችሁ አስቀድሞ እርሳስ ያንሣ።