ለማጅ ተላላኪ አይደለም

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ዓለም ከተማ በገባሁ ማግስት እንቅልፍ ሳላይ አደርኩ። ታናሽ ወንድሜን ብየዳ ዓይኑን መትቶት እስኪነጋ ሲያቃስት ነበር። እናቴ ጥሬ ድንች እየከተፈች ዓይኑ ላይ ታደርጋለች፤ እኔ ፎጣ እያራስኩ አቀብላለሁ። «አሸዋ የሞሉብኝ ነው የሚመስለኝ» ይላል።

ወንድሜ የብረታ ብረት ሥራ ሠልጣኝ ነው። ለትብብር ሥልጠና ደብዳቤ ይዞ ከተማችን ውስጥ አንድ ብየዳ ቤት ከገባ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ጠዋት «ስትበይድ መነጽር አታደርግም እንዴ?» ብለው ሳቀብኝ። «ማን አስበየደኝ ብለሽ ነው? ጋሼ ሲበይዱ ብረቱን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። መነጽሩ አንድ ነው፤ እሱም የሳቸው ነው» አለኝ። ሌላውን ሥራውን ቆጠረልኝ፤ ቤት መጥረግ፣ ሻይ ማመላለስ፣ ብረት ማውረድ፣ ዝናብ ሲመጣ ቀለም የተቀባውን በር ወደ ውስጥ ማስገባት። በቃ ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው በትብብር ሥልጠና ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶ የሚሆነውን በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን ደግሞ በተቋሙ እንዲያሳልፍ ነው የታሰበው። ስለዚህ ብየዳ ቤቱ ካላስተማረው የትምህርቱ ትልቁ ክፍል ቀረ ማለት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ መልመድ ውል የሚለው ግልጽ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ይላል። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ለለማጁ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታ በውሉ ይስፈር ይላል። አሠሪው ለማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝ ሥራ እንዳያሰማራ ይከለክላል። ሲጨርስም ምን ሙያ ለምን ያህል ጊዜ እንደተማረ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይስጠው ይላል። ያው አዋጅ አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ ያዛል። «ወንድምሽ በደብዳቤ የመጣ ሠልጣኝ እንጂ ቅጥር አይደለም» የሚለኝ አይጠፋም። የብየዳው ብልጭታ ግን ቅጥርና ሠልጣኝ አይለይም።

ባለቤቱን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። የሰው በር ቢያበላሽብኝ ማን ይከፍለኛል? ኤሌክትሮዱ በኔ ገንዘብ ነው። መብራቱም ሲፈልግ ይጠፋል። እኔም ሙያውን የለመድኩት ውኃ እየቀዳሁ ነው» አሉኝ።

ግማሹ እውነት ነው። ኤሌክትሮድ በነፃ አይገኝም፤ ተቋማትም ልጁን በማኅተምና በፊርማ ከመላክ አልፈው «እንዴት ሆነ?» ብለው የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው። ግን ልጅ ሳያቦካ መቼ ነው የሚለምደው? የደንበኛ በር አይስጡት፤ ከወዳደቀው ቁርጥራጭ ብረት ላይ በቀን ግማሽ ሰዓት ያለማምዱት። ውኃ ስለ መቅዳቱም ቢሆን፣ የቆሎ ተማሪም ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። የኔታ ግን በምላሹ ቀለሙን ያስቆጥሩታል፣ ሲሳሳት ያርሙታል። እኛ ከዚያ ልማድ ውኃ መቅዳቱን ወስደን ማስተማሩን ተውነው።

ከተማችን ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርመን አገር ካለችው ፋተርሽቴተን ጋር እህትማማች ናት። እዚያ በ1969 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሙያ ሥልጠና ሕግ ለለማጅ የሚሰጠው ሥራ ለሥልጠናው የሚጠቅምና ከአቅሙ ጋር የሚመጣጠን ብቻ መሆን አለበት። ክፍያም አለው። ጀርመን ሀብታም ስለሆነች ነው እንዳትሉኝ፤ ሁለተኛ መነጽር ለመግዛት ጀርመን መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ የወንድሜ የልምምድ መዝገብ ነው። ያልበየደውን ሁሉ «በሚገባ ሠርቷል» ተብሎ ተፈርሞለታል። ባለቤቱ ውለታ የዋሉለት መስሏቸው ነው። ነገር ግን የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ላይ መዛኙ ብረት አቅርቦ «በይድ» ሲለው ያ ፊርማ አይበይድለትም። እንደምንም ቢያልፍ ደግሞ ነገ እሱ የበየደው የጣሪያ ብረት ሥር የሚተኛ ሰው አለ።

እናቴ «ይቅርበት» ብላ ነበር። እሱ ግን ሥልጠናውን ካልጨረስኩ ምዘና የለም ብሎ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ምን ያድርግ?

ይህንን የምጽፈው ለወንድሜ ብቻ አይደለም። እኛም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ተራችን ደርሶ በየሚዲያው ለአፓረንትሺፕ እንላካለን። ፎቶ ኮፒ ስናነሳ ከርመን «ጥሩ ዜና ይጽፋሉ» የሚል ወረቀት ይዘን ብንመለስ ማንን ነው የምናታልለው? ስለዚህ ትምህርት ክፍላችን ደብዳቤ ሲጽፍልን «ትብብር እንዲደረግላቸው» ብሎ ብቻ አይተው። አራት ነገር ይጨምርበት፤ የሚያስተምረን ሰው ይመደብ፣ ከአደጋ እንጠበቅ፣ ቢያንስ የትራንስፖርት ይታሰብልን፣ የሠራነው ብቻ ይመስከርልን። ይህን የማይችል ድርጅት ደብዳቤውን ይመልስ። እኛም ሌላ እንፈልጋለን።