ታጥቀው የሚረሱት ሽጉጥ

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በሚታሰር ማህደር ሽጉጥን ደብቆ ስለ መያዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት ሥራ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችን አስበው እንደ ጻፉት ያስታውቃል። ምክራቸው ግን በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ማህደሩ ከተመቸ ሰው መታጠቁን እስኪረሳ ድረስ ቀኑን ሙሉ ይውልበታል የሚል። የምቃወመው ይህንኑ ነው። በቨርጂኒያ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በሜሪላንድ መካከል እየተመላለሰ ኑሮውን ለሚገፋ ስደተኛ፣ መኖሩ የሚረሳ ሽጉጥ ከዘራፊው የማይተናነስ አደጋ ነው።

ይህን የምለው መሣሪያ ጠል ሆኜ አይደለም። የቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ፤ እታጠቃለሁም። ሆኖም የምሠራው በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ምን መልክ እንደሚይዝ አያለሁ። ፍርሃቱንም አላቃልልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ዲሲ ውስጥ ብቻ ከ900 በላይ የመኪና ንጥቂያ ወንጀሎች ተመዝግበዋል። ሌሊት የሚሠራ ሰው ከነቤተሰቡ እንዴት እንደሚያድር ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ስለ ዕቃው የተጻፈው አብዛኛው ትክክል ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ማህደሩን በግራ እግሩ ውስጠኛ ጎን፣ እጀታውን ወደ ኋላ አድርጎ ያስረዋል። ከሥሩ ረጅም ካልሲ ካላደረገ ቆዳው ይላጣል፤ ባቱ ላይ የሚጠብቅ ተጨማሪ ማሰሪያ ከሌለው ደግሞ ማህደሩ እየተንሸራተተ ጫማው ላይ ያርፋል። ሽጉጡ ትንሽ መሆን አለበት፤ አምስት ጥይት የሚጎርሰውና ባዶውን ግማሽ ኪሎ የማይሞላው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን አጭር ሪቮልቨር ለዚህ ከተለመዱት አንዱ ነው። ቃታው ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ ግዴታ ነው። ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ቁርጭምጭሚት ለመሬት ቅርብ በመሆኑ አቧራው፣ የሱሪው ብናኝ፣ በክረምት ደግሞ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሁሉ እዚያ መጠራቀሙን ነው። ቶሎ ቶሎ ካልተጸዳ በጭንቅ ሰዓት ላይተኩስ ይችላል። ፖሊሶችም ይህን አያያዝ የሚያውቁት በአብዛኛው ወገባቸው ላይ ላለው ዋና ሽጉጥ መጠባበቂያ አድርገው ነው።

«ለተቀመጠ ሰው ከወገቡ ይልቅ እግሩ ይቀርበዋል» የሚለው ግን ሾፌርን አይመለከትም። ቀበቶ ታስሮ፣ መሪ ጨብጦ፣ ከጀርባው የማያውቀውን ሰው አሳፍሮ የሚሄድ ሰው እግሩን ልድረስበት ቢል ደረቱ መሪው ላይ ይጋጫል፤ ቀበቶው ይይዘዋል፤ ዓይኑ ከመንገዱም ከሰውየውም ይነቀላል። ማጅራቱን ደግሞ ከኋላ ላለው ሰው አጋልጦ ይሰጣል። የሱሪን ጫፍ ሰብስቦ ሽጉጥ መምዘዝ ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ መሪውን ማን ሊይዝለት ነው? በዚያ ላይ ኡበርም ሊፍትም፣ ሾፌሩ የመንግሥት ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ፣ በሥራ ላይ መሣሪያ መያዝን በደንባቸው ይከለክላሉ። ይህ በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር አልተሰጠውም።

ወደ ምቾቱ ልመለስ። ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ በተቀመጡና በተነሡ ቁጥር ይቆረቁራል፤ ያለበትን ቦታ ያስታውሳል። እግር ላይ ያለው ግን ሰውነት ከለመደው በኋላ አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ፍተሻ ላይ 6,737 ሽጉጦችና ሌሎች የጦር መሣሪያዎች ተይዘዋል፤ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ጥይት ጎርሰው ነበር። የተያዙት ሰዎች ዘወትር የሚሰጡት ምክንያት ረስቼው ነው የሚል ነው። በዚያ ዓመት ቅጣቱ በገንዘብ ብቻ 15 ሺህ ዶላር ሊጠጋ ይችል ነበር፤ በቨርጂኒያ ደግሞ መሣሪያ ይዞ አየር ማረፊያ መግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከደለስ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ዘመድ ለመሸኘት ስንቶቻችን ከሥራ በቀጥታ እንደምንሄድ አስቡት።

የእኛ ኑሮ ደግሞ እግርን የሚገልጥ ኑሮ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ስግደት ላይ ሱሪ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ሙስሊም ወንድማችን ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠባል። ሰው ቤት ለጥየቃ ስንሄድ ጫማችን በር ላይ ይቀራል፤ ምንጣፉ ላይ የሚድኸው ሕፃን እጅ የሚደርሰው ከወገባችን በፊት እግራችን ላይ ነው። ምቾቱን የለካው ሰው እነዚህን ቦታዎች አልለካቸውም።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ግን የፖቶማክ ወንዝ ነው። የቨርጂኒያን ፈቃድ ማግኘት ቀላል ነው። 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ነዋሪ ሥልጠና ወስዶ በሚኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ካርዱም አምስት ዓመት ያገለግላል። ያ ካርድ ፖቶማክን ከተሻገሩ በኋላ አያድንም። ዲሲም ሜሪላንድም አይቀበሉትም፤ ሁለቱም የየራሳቸው ፈቃድና የየራሳቸው ረጅም ሥልጠና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብሩን መዝገብ ከወሰነ ወዲህ «አሁንማ የትም መያዝ ይቻላል» የሚሉ ሰዎች በርክተዋል። ስህተት ነው። ውሳኔው ግዛቶች ፈቃድ ጠያቂውን «የተለየ ምክንያት አቅርብ» እንዳይሉት ከለከለ እንጂ ፈቃድን አልሻረም፤ የአንዱን ግዛት ፈቃድ ሌላው እንዲያከብርም አላስገደደም። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ በዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ የሚሻገር ሾፌር መሐል ላይ የዲሲን ክልል ያቋርጣል። በአንድ ድልድይ ላይ ሦስት ሕግ አለ ማለት ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለመንገደኛ የሚሰጠው ከለላ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ (ለብቻው የተከለለ ዕቃ መጫኛ በሌለው መኪና ደግሞ በተቆለፈ ሣጥን) ሲቀመጥ ብቻ፣ ያውም መነሻውም መድረሻውም ላይ መያዝ ለተፈቀደለት ሰው ነው። ጥይት ጎርሶ ቁርጭምጭሚት ላይ የታሰረው በዚህ ከለላ ውስጥ አይገባም።

ዲሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው። ላልተመዘገበው ሽጉጥ አንድ፣ ለጥይቶቹ ሌላ ክስ ሊጨመር ይችላል። ይህ ዜጋ ለሆነው ሰው ነው። ግሪን ካርድ ለያዘው ወገናችን ሌላ ነገር ይከተላል። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ በመያዝ ጥፋተኛ መባል ከአገር ለመባረር ምክንያት ነው፤ ዳኛው አዝኖ እስራቱን በገደብ ቢያደርገው እንኳ ጥፋተኛ መባሉ አይፋቅም። ሰው አንድ ቀን ሳይታሰር ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ሃያ ዓመት የደከመበትን ሊያጣ ይችላል። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ወይም የቆይታ ፈቃዱ ያለፈበት ሰውማ፣ ሽጉጥ በእጁ መገኘቱ ብቻ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እንኳ ቢሆን፣ የፌዴራል ወንጀል ሊሆንበት ይችላል። እነዚህን ሰዎች «ሱሪህን ሰፋ አድርገህ ግዛ» ብሎ መምከር ጽሑፋችሁን አምኖ የሚያነብ ሰው ላይ መፍረድ ነው።

ስለ ጫትም መነገር አለበት፤ በእኛ መካከል ማንም ስለማያነሣው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራሉ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንደኛው መደብ የተመዘገበ ነው። የተከለከለ ዕፅ የሚጠቀም ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ሌላ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፤ ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽም ይህን ይጠይቃል። ማሪዋና በዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለአዋቂዎች ቢፈቀድም በዚህ ጥያቄ ላይ ግን አልተፈቀደም። ሌሊቱን ለመንዳት ጫት እየቃመ፣ እግሩ ላይ ሽጉጥ ያሰረን ሰው፣ በኪሱ ያለው የቨርጂኒያ ካርድ ከዚህኛው ክስ አያስጥለውም።

እኔ የማደርገውን ልናገር። ሽጉጤን ወገቤ ላይ እይዛለሁ፤ መቆርቆሩንም እፈልገዋለሁ። የቀኑ ሥራዬ ወንዙን የሚያሻግረኝ ከሆነ ካዝናው ውስጥ ቆልፌበት እወጣለሁ። መኪና ውስጥ ትቼው አልሄድም፤ ከቆሙ መኪኖች የሚሰረቅ ሽጉጥ የት እንደሚደርስ ይታወቃልና። ለሾፌር ወንድሞቼና እኅቶቼ የምመክረው ደግሞ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚቀርጽ ካሜራ መግጠም፣ ጥሬ ገንዘብ አለመያዝ፣ መኪናውን ሲጠየቁ ቁልፉን ሰጥቶ መውረድ ነው። መኪናው ኢንሹራንስ አለው።

አዘጋጁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የሦስቱን ክልሎች ሕግ ጎን ለጎን አትሙልን፤ በኢሚግሬሽንና በወንጀል ሕግ የሚሠሩ ጠበቆችም አይተው ያርሙት። የማህደሩ ጽሑፍ ሁለት ሙሉ ገጽ ተሰጥቶታል፤ ይህም ያንኑ ያህል ቦታ ይገባዋል። ጠበቆቹ የሚጽፉትን ወደ አማርኛ ለመመለስ እኔ ያለ ክፍያ ዝግጁ ነኝ፤ አድራሻዬ በፖስታው ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ