ኤክስ የተደረገበት መልስ

የጎረቤቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የሳይንስ ፈተና ወረቀቷን አሳየችኝ። «ትነት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውሃው በሙቀት እንፋሎት ሆኖ አየር ውስጥ ይገባል፤ ልብሱም ይደርቃል» ብላ መልሳለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል። ከጎኑ «በኖቱ መሠረት!» ይላል። አናደደኝ። በራሷ ቃል ማስረዳቷ ቀርቶ የኖቱ ሽምደዳ ተፈለገ።

የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ልጆችን ሲፈትን፣ ልቡን የሳበው የተሳሳተው መልስ ነበር። ልጁ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠጋ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ኋላም ውሃን ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ሲገለብጥ፣ የአራት የአምስት ዓመት ልጅ «አሁን በዛ» ይለዋል። አልበዛም ብላችሁ ብታስጠኑት ቃላችሁን ይደግምላችኋል እንጂ ዓይኑን አይጠራጠርም። እንደ ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1896 የተወለደው ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ደግሞ ከልጁ አጠገብ ሰው አቆመ፦ ዛሬ በሰው እገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል።

የፈረንጅ ቲዎሪ ነው የሚለኝ ሰው ቅኔ ቤት ሄዶ ይይ። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል። ጥግ ይዞ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ሰዋስዉን ያርማል፤ ምሥጢሩን ያቃናል፤ ካልሆነም እንደገና ቁጠር ብሎ ይመልሰዋል። የመምህሩን ቅኔ ቃል በቃል ደግሞ ባለቅኔ የሆነ የለም። ንባብ ቤት በቃል መያዝ አለ፤ ተገቢም ነው። የሚያንገበግበኝ ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ድገማውን ወስደን ቆጠራውን መተዋችን ነው።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪን ማዕከል ያደረገ» ሲባል ኖሯል። በዚሁ ርዕስ በተሰጠ የመምህራን ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ ሲያነብ መምህራኑ ሲገለብጡ ዋሉ። ታዲያ ያቺን ኤክስ ያደረገች መምህርት ላይ ብቻ እንዴት ልፍረድ? እሷንስ በራስሽ ቃል ንገሪን ያላት ማን አለ? በዚያ ሥልጠና ላይ አንዲት እናት የሚሆኑ መምህርት እጃቸውን አውጥተው፣ ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ። «በኋላ እንመለስበታለን» ተባሉ። አልተመለሱበትም። ሥልጠናው መጀመር የነበረበት ከእሳቸው ጥያቄ ነበር።